ልጅቷ ከፍቅሯ ሌላ ምን ትፈልጋለች?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ሴት የምታፈቅር ልጅ ዋና ገጸ ባሕሪ ስለሆነችባቸው የወጣቶች ልብ ወለዶች በባህል ዓምዳችሁ የወጣውን ጽሑፍ እዚህ ድሬዳዋ ሆነን አንብበነዋል። ጽሑፉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው «ይፈቀድ ወይስ ይከልከል» በሚል ሙግት ተይዞ አለቀ። ሙግቱን ለባለሙግቶቹ እንተወው። መጻሕፍቱ ግን በፒዲኤፍ ሆነው በቴሌግራም ከእጅ ወደ እጅ ሲዞሩ ቆይተዋል፤ በአማርኛም ልጻፈው የሚል ወጣት አይጠፋም። ረቂቅ ስናርም የምንውል ሰዎች ስለሆንን፣ እንዲህ ያለው ልብ ወለድ ምን ላይ እንደሚቆምና ምን ላይ እንደሚወድቅ ብንጽፍ ይሻላል አልን።

ዋናውን ነገር አስቀድመን እንበለው። ረቂቁ የሚሞተው ልጅቷ ከፍቅሯ በቀር ሌላ ጉዳይ ሳይኖራት ሲቀር ነው። ጠዋት ስትነሳ ስለ ወዳጇ ታስባለች፣ ማታ ስትተኛ ስለ ወዳጇ ታለቅሳለች፣ መካከሉ ባዶ ነው። እንዲህ ያለችው ልጅ ሰው መሆኗ ቀርቶ የክርክር ርዕስ ትሆናለች። አንባቢውም ገና በ30ኛው ገጽ «ይሄ ደራሲ ሊሰብከኝ ነው ወይስ ሊያስፈራራኝ?» ማለት ይጀምራል። የወጣቶች ልብ ወለድ የሚቆመው ቀን በተቆረጠለት አንድ ፍላጎት ላይ ነው፤ ፈተና ሊሆን ይችላል፣ የሥራ ውድድር፣ ወይም ከቤት የመውጣት ጉዳይ። ፍቅሩ ያንን ፍላጎት ያደናቅፈዋል ወይም ያቻኩለዋል። ብቻውን ግን 200 ገጽ አይሸከምም።

አሜሪካዊቷ ናንሲ ጋርደን እ.ኤ.አ. በ1982 ያሳተመችው «አኒ ኦን ማይ ማይንድ» እስከ ዛሬ የሚጠቀሰው ለዚህ ነው። ተራኪዋ ሊዛ አርክቴክት መሆን ትፈልጋለች፤ ኤም.አይ.ቲ. የሚባለው ዩኒቨርሲቲ ለመግባት አመልክታለች፤ የትምህርት ቤቷ የተማሪዎች ምክር ቤት ሊቀመንበር ናት። ከወዳጇ ከአኒ ጋር ያላት ነገር ሲታወቅ ትምህርት ቤቱ ጉዳዩን በቦርድ ፊት ሲያቀርበው፣ አንባቢው የሚሰጋው ለፍቅሩ ብቻ አይደለም፤ ለዩኒቨርሲቲውም ለሥዕል ጠረጴዛዋም ይሰጋል። ከዚያ በፊት በነበረው ልማድ የዚህ ዓይነት ገጸ ባሕሪ መጨረሻዋ ወይ አደጋ ወይ ሞት ወይ ጸጸት ነበር። የጋርደን ልጆች መጽሐፉ ሲያልቅ በሕይወት አሉ፣ ይደዋወላሉም። እ.ኤ.አ. በ1993 መጽሐፉ ካንሳስ ክፍለ ሀገር ኦሌቴ በሚባል ከተማ ከትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት እንዲወጣ ተደርጎ፣ ተማሪዎችና ወላጆች ከስሰው በ1995 በፌዴራል ፍርድ ቤት ውሳኔ ተመልሷል። ዓምደኛችሁ ስለ ክልከላ ሲጽፉ ይህን ቢያነሡት ጥሩ ነበር።

የእኛ አገር ደራሲ ቀን የተቆረጠለት ጉዳይ ፍለጋ ሩቅ መሄድ የለበትም። የ12ኛ ክፍል ፈተናን እንውሰድ። በ2015 መጀመሪያ ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ሲዛወር ተፈታኙ ግቢ እያደረ ነው የተፈተነው፤ በዚያ ዙር 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣውም 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። ከእናቷና ከእህቶቿ ጋር አንድ ክፍል ተኝታ ያደገች ልጅ በተደራራቢ አልጋ፣ ከማታውቃቸው ልጃገረዶች ጋር ለቀናት ታድራለች፤ ፈተናውን ከወደቀች ደግሞ ከቤት የምትወጣበት መንገድ ይዘጋል። ለልብ ወለድ ከዚህ የተሻለ ምን ይገኛል?

ግን እዚህም ወጥመድ አለ። በዚያ ዙር የማኅበራዊና የተፈጥሮ ሳይንስ ተፈታኞች የገቡት በተለያየ ሳምንት ነው። አንዷን የባዮሎጂ፣ ሌላዋን የታሪክ ተማሪ አድርጎ በአንድ ዶርም ያሳደረ ረቂቅ፣ የተፈተነ አንባቢ እጅ ሲገባ እዚያው ያልቅለታል። ስልክ ይዞ መግባትም ክልክል ስለነበር በፈተና ዋዜማ በደረሰ መልእክት ላይ የተንጠለጠለ ምዕራፍ አያስኬድም። መፍትሔው ደንቡን መሸሽ ሳይሆን መጠቀም ነው። አንዷ ገብታ ስትወጣ ሌላዋ ትሄዳለች፤ የሚገናኙት በመካከሉ ባሉት ጥቂት ቀናት ነው፤ ያኔም አንዷ ፈተናውን አይታዋለች፣ ሌላዋ ገና ናት። ስልክ የሌለበት ያ ሳምንት ለታሪኩ ከአሥር የፍቅር መልእክት ይበልጥበታል።

ወደ ተራኪዋ እንለፍ። የወጣቶች ልብ ወለድ ብዙ ጊዜ የሚተረከው በአንደኛ መደብ ነው፤ በአማርኛ ደግሞ አንደኛ መደብ ጾታ አይለይም። «ሄድኩ»፣ «ናፈቀችኝ» የሚል ተራኪ ወንድም ሴትም ሊሆን ይችላል። ዘፈናችንና ግጥማችን ደግሞ «አንቺ» የተባለች እንደሆነ ተናጋሪው ወንድ ነው ብለን እንድንገምት አስለምደውናል። በዚህ የተነሣ ደራሲው ሳያስበው ተራኪዋ ሦስት ምዕራፍ ሙሉ ወንድ ሆና ትነበባለች። አንዳንዱ ሆን ብሎ ይደብቅና ስምንተኛው ምዕራፍ ላይ ያፈነዳዋል። ብልጠቱ ለአንድ ገጽ ያስደንቃል፤ ከዚያ በኋላ አንባቢው እንደተታለለ ስለሚሰማው ልጅቷ የምትለውን ሁሉ መጠራጠር ይጀምራል። ይልቅ በመጀመሪያው ገጽ አንድ ሰው ይጥራት። «ሰሚራ! ውኃ መጣ፤ ጀሪካኑን ይዘሽ ነይ!» በቃ፤ ስሟም፣ ጾታዋም፣ የቤቷ ኑሮም ገባ።

ታሪኩ ድሬዳዋ ወይም ሐረር ላይ ከተቀመጠ አዲስ አበባ ያለው አራሚ እጁን ሰብሰብ ያድርግ። የእኛ አገር ልጅ ታላቁን «አንተ»፣ «አንቺ» ሲል መናቁ አይደለም። እናቷን «እርስዎ» የምትል የገንደ ቆሬ ልጅ አንባቢያችንን ከመጽሐፉ ታስወጣዋለች። ሰዓቱም እንዲሁ ነው። ሁለቱን ልጆች ብቻቸውን ሊያደርግ የፈለገ ደራሲ ማታ ያገናኛቸዋል። ድሬ ማታ ማን ቤቱ ይቀመጣል? አየሩ ቀዝቀዝ ሲል ሰፈሩ ሁሉ ደጅ ነው። ባዶው ሰዓት ከቀትር በኋላ ነው፤ ከ7 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ግድም ሱቁ ይዘጋል፣ ትልልቁ ሰው በርጫ ላይ ነው ወይም ተኝቷል፣ መንገዱ ላይ ባጃጅ እንኳ ይሳሳል። ምስጢር ያለው ሰው የሚንቀሳቀሰው ያኔ ነው። (በዚህ አጋጣሚ፦ ደቻቱን የልጅቷ እንባ ምሳሌ ማድረግ ይብቃ። በ1998 ክረምት ያ ወንዝ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል።)

ከሁሉ የሚከፋው ግን ትዕይንቱን ከውጭ መጽሐፍ እንዳለ መገልበጥ ነው። እዚያ ሁለት ልጃገረዶች እጅ ለእጅ ተያይዘው መታየታቸው ብቻ የምዕራፍ መዝጊያ ይሆናል። እዚህ ድሬ፣ ከዚራ በሚባለው ሰፈር ዛፎች ሥር፣ ሁለት ልጃገረዶች ተቃቅፈው ቢሄዱ ማን ዞሮ ያያል? አንዷ ሌላዋ ቤት ብታድር፣ በሙቀቱ ወራት ግቢ ውስጥ ፍራሽ አንጥፈው ጎን ለጎን ቢተኙ፣ እናት የምትጠይቀው እራት መብላታቸውን ነው። ከወንድ ጋር ስትቆም በዓይኑ የሚከተላት ሰፈር ሴት ጓደኛዋን አይቆጥራትም። እናም እዚህ የሚጻፍ ታሪክ መተያየትን እንደ አደጋ አድርጎ ከጀመረ ገና ከመነሻው ተሳስቷል፤ አብሮ መሆኑ ቀላል ነው፣ ቅለቱም ራሱ ልጆቹን ያዘናጋቸዋል።

አደጋው የሚመጣው በሽማግሌ በኩል ነው። የሚጠይቃት ሰው ሲመጣ እምቢ ያለች ልጅ ምክንያት ትጠየቃለች። የመጀመሪያውን «ትምህርቴን ልጨርስ» ብላ ታልፈዋለች። ሁለተኛው ላይ አክስት ከሐረር ትመጣለች፣ ጠያቂው ምን እንደጎደለው አንድ በአንድ ትቆጥርላታለች፣ ምንም አልጎደለውም። እዚህ ላይ ደራሲው ሕጉን ይወቅ፤ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ የጋብቻ ዕድሜን 18 ብሎ ደንግጓል። ልጅቷ 17 ከሆነች ጠያቂው «እስክትጨርስ እጠብቃታለሁ» የሚል ይሁን። የሚቸኩል ሰው ክፉ ሆኖ ስለሚታይ እምቢ ማለቱ ይቀላል፤ በትሕትና የሚጠብቀው፣ ለበዓል ለእናቷ ስኳርና ዘይት የሚልከው ነው የሚያስጨንቀው።

ሁለተኛው እዚህ የማይበቅል ትዕይንት ኑዛዜው ነው። ልጅ እናቷን አስቀምጣ «አንድ የምነግርሽ ነገር አለ» ትልና ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ታወጣዋለች፤ ከዚያ ወይ ጩኸት ነው ወይ መተቃቀፍ። በእኛ ቤት እንዲህ ያለ ነገር በቀጥታ ከተነገረ እናት መልስ መስጠት ይኖርባታል፤ ያ መልስ ደግሞ አባት፣ አጎትና ጎረቤት ጋ ይደርሳል። እናት የሰማችው ይመስል ዝም ብላ፣ ያልሰማች ይመስል መኖሯ ብዙ ጊዜ ልጇን የምትጠብቅበት መንገድ ነው። ንግግሩ በጎን ይሂድ። ለምሳሌ እናት ሻይ እየጣደች፦

«ያቺ ልጅ ዛሬም ትመጣለች?»

«ማን?»

«ስንት ልጅ ነው እዚህ ቤት የሚመላለሰው?»

«ልናጠና ነው።»

«በሩን ገርበብ አድርጋችሁ። ይሞቃል።»

«ማራገቢያ አለ እኮ።»

«ገርበብ አድርጉት አልኩ።»

ስም አልተጠራም፣ ክስ የለም፣ እናትየዋ ማወቋም አልተረጋገጠም። ሙቀቱ እውነት ስለሆነ ልጅቷ ልትከራከር አትችልም። ከዚህ በኋላ ያ በር ለሦስት ምዕራፍ ይበቃል፤ ማን ከፈተው፣ ማን ዘጋው፣ ታናሽ ወንድሟ ለምን በሩ ሥር ተቀምጦ ይጫወታል። ይህን ትዕይንት ያበላሹ ረቂቆች የሚያበላሹት በአንድ መንገድ ነው። ከንግግሩ ቀጥሎ «እናቴ ሁሉን እንዳወቀች ገባኝ» የሚል ዓረፍተ ነገር ይጨምራሉ። እሱን ሰርዙት።

ምስጢሩ የሚወጣበት መንገድም ይታሰብበት። በር ተከፍቶ መያዝ የተለመደ ስለሆነ አንባቢው ከሃምሳ ገጽ በፊት ይጠብቀዋል። ስልክ ይሻላል፣ በትክክል ከተሠራ። በብዙ ቤት ስልኩ የልጅቷ ብቻ አይደለም፤ ወንድሟ ጌም ይጫወትበታል፣ እናት ዓረብ አገር ካለች እህቷ ጋር በኢሞ ታወራበታለች፣ ሲም ካርዱም በአባት ስም የወጣ ሊሆን ይችላል። የቴሌግራም መልእክት፣ ማሳወቂያው ካልጠፋ፣ ስልኩ ተቆልፎም የመጀመሪያው መስመሩ ብቅ ይላል። ብልህ ልጅ ስሙን ትቀይራለች፤ «ሊዲያ» የነበረው «ሒሳብ አስጠኚ» ይሆናል። ከዚያ እራት ላይ ትንሹ ወንድም «ሒሳብ አስጠኚሽ ልብ ላከልሽ» ይላል። አንባቢው ይስቃል፣ እጁም ጉርሻ ላይ እንዳለ ይቀራል። ይሁንና ቴሌግራም ላይ መልእክትን ከሁለቱም ወገን ማጥፋት ስለሚቻል «ለምን አላጠፋችውም?» የሚል አንባቢ ሴራውን ያፈርሰዋል። ያላጠፋችበት ምክንያት፣ ፓኬጇ አልቆም ይሁን ስልኩ በሌላ ሰው እጅ ሆኖ፣ ሁለት ምዕራፍ አስቀድሞ እንደ ተራ ነገር ተጠቅሶ ማለፍ አለበት።

ስለ ሃይማኖት አጭር ምክር። ሰሚራና ሊዲያ ብለን ስም ስናወጣ እንኳ ችግሩን አይታችሁታል። አንዷ ሙስሊም ሌላዋ ክርስቲያን ከሆኑ ቤተሰቡ የሚቆጣው በየትኛው እንደሆነ አንባቢው አይለይም፤ ሁለት ታሪክ በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ይጋፋል። ድሬ ላይ ሁለቱ እምነቶች በአንድ ግቢ ስለሚኖሩ የተደበላለቀ ሰፈር መጻፉ ግድ ነው፤ ቅልቅሉን ለጎረቤቶቹ ስጡና ሁለቱን ልጆች ከአንድ ወገን አድርጓቸው። ልምድ ያለው ደራሲ ካልሆነ በቀር።

ሕግን በተመለከተ ረቂቆች ያጋንናሉ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 በተመሳሳይ ጾታ መካከል የሚፈጸምን ድርጊት ያስቀጣል፤ ቅጣቱ ቀላል እስራት ነው፣ የሚከብድባቸው ሁኔታዎች በአንቀጽ 630 ተዘርዝረዋል። የሞት ቅጣት የለም። ፖሊስ ሆኖ የሚናገር ገጸ ባሕሪ «ትሰቀያለሽ» ካለ ወይ ሊያስፈራራት እየዋሸ ነው፣ ወይ ደራሲው ሕጉን አላነበበም፤ የትኛው እንደሆነ ከጽሑፉ መለየት አለበት። ሕጉ የሚቀጣው ድርጊትን ስለሆነ ጠበቃ ሆኖ የሚናገር ገጸ ባሕሪም ይህን ለይቶ ይናገር። የአልጋ ትዕይንትን በሚመለከት ነገሩ አያከራክርም። ልጅቷ 18 አልሞላትም፤ እንዲህ ያለ ትዕይንት በመጽሐፉ ውስጥ አይገባም፣ በዘወርዋራም ቢሆን። ለታሪኩ ምንም አይጎድልበትም። እጅ ላይ የተጻፈ የስልክ ቁጥር ላብ ሲያጠፋው ከዚያ በላይ ይነግራል።

ርዝመቱ ከ40 እስከ 50 ሺህ ቃል ቢሆን ይበቃል። አማርኛ በአንድ ግሥ ባለቤቱንም ተሳቢውንም ስለሚይዝ የእንግሊዝኛውን ቁጥር መከተል መጽሐፉን ያስወፍረዋል። ምዕራፉ ከ2 ሺህ ቃል ባይበልጥ ጥሩ ነው፤ የሚነበበው ስልክ ላይ ነውና።

ስለ መጨረሻው ምዕራፍ አስተያየታችን ጠበቅ ያለ ነው። ልጅቷን መግደል የስንፍና መፍትሔ ነው፤ ወደ ካናዳ ማሳፈርም ያው ነው፤ የደረሰላት ወንድ አግብታ ሁሉ ነገር የልጅነት ጨዋታ ነበር ማለትም እንዲሁ። ሦስቱም ደራሲውን ከጥያቄ ያድኑታል፣ ልጅቷን ግን አያውቋትም። በመጀመሪያው ምዕራፍ የፈለገችው ነገር ምን ነበር? ፈተናው ነበር እንበል። ስለዚህ መጨረሻው ውጤቱ የሚለቀቅበት ቀን ነው፤ ኔትወርኩ ይጨናነቃል፣ ምዝገባ ቁጥሯን አሥር ጊዜ ታስገባለች፣ ያየችውን ቁጥር መጀመሪያ ለማን እንደምትነግር ስትወስን የፍቅሩም ነገር አብሮ ይወሰናል።

የመጨረሻው ጉዳይ ከጥበብ ይልቅ ጥንቃቄ ነው። ድሬ ሰው የሚተዋወቅባት ከተማ ናት። «ለገሃሬ፣ ከዳቦ ቤቱ ጎን፣ አባቷ የምድር ባቡር ጡረተኛ፣ አራት እህትማማቾች» ብሎ የጻፈ ሰው ልብ ወለድ ጻፍኩ ቢል የሚሰማው የለም፤ በሳምንቱ አንዲት እውነተኛ ልጅ ላይ ጣት ይቀሰራል፣ እሷም ስለ መጽሐፉ ሰምታ ላታውቅ ትችላለች። ሰፈሩ፣ የቤተሰቡ ቁጥርና የአባት ሥራ ሦስቱም ይቀየሩ፤ አንዱ ብቻ መቀየሩ አይበቃም። ትምህርት ቤቱ ስም አይኑረው። ረቂቁን ለሰው ስትሰጡ አትሙና በወረቀት ስጡ፣ ቅጂዎቹን ቁጠሩ፣ መልሳችሁ ተቀበሉ። በፒዲኤፍ የተላከ ረቂቅ ገና ሳይታረም ማታውኑ አንድ ቻናል ላይ ይገኛል፤ ያኔ የተቀየረውም ያልተቀየረውም ስም አብሮ ይነበባል።

ከአክብሮት ጋር
የልብ ወለድ ረቂቅ አራሚዎች፣ ድሬዳዋ